የምንጠጣው ነገርና ክብደት መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨክነው ገበታው ላይ ነው። ሳህኑን ያሳንሳል፣ እራት ይተዋል፣ ቅባት ይፈራል። ብርጭቆውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ሳይራቡ ክብደት መቀነስ የሚጀመርበት ቦታ ካለ እሱ ብርጭቆው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ዙሪያ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። «ካሎሪ» ስል የታሸጉ ዕቃዎች ላይ «ኪሎ ካሎሪ» ተብሎ የሚጻፈውን፣ በተለምዶ ሁላችንም ካሎሪ የምንለውን ማለቴ ነው።

መጠጥ ፈሳሽ ነው፤ በሽንት ይወጣል። እንዴት ሊያወፍር ይችላል?

ውሃው ይወጣል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ስኳር ግን ይቀራል። አንድ ግራም ስኳር ተበላም ተጠጣም 4 ካሎሪ ነው። 330 ሚሊ ሊትር በምትይዝ አንዲት የኮላ ጣሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ ዘጠኝ ማንኪያ ይጠጋል፤ በካሎሪ ሲሰላ 140 አካባቢ ይመጣል። አንድ ሰው ሻዩ ውስጥ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ብናይ እንደነግጣለን። በጣሳ ሲመጣ ግን ቅዝቃዜውና ኮምጠጥ ማለቱ ጣዕሙን ስለሚሸፍኑት ምላሳችን መጠኑን አይለየውም።

ከቁጥሩ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ፤ ሆድ በፈሳሽ የገባ ካሎሪን በደንብ አይቆጥርም። ምግብ ሲታኘክ ጊዜ ይወስዳል፣ ጨጓራ ውስጥም ይቆያል፤ በዚያ መሃል «በቃኝ» የሚለው መልእክት ከአንጀት አንጎል ይደርሳል። ፈሳሽ ግን በሁለት ደቂቃ ተጨልጦ ቶሎ ያልፋል። ጥሙ ይቆረጣል፣ ረሃቡ ባለበት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 15 ሰዎች ለአራት ሳምንት በቀን 450 ካሎሪ በከረሜላ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ያንኑ 450 ካሎሪ በለስላሳ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን በሚበሉበት ወቅት ማንም ሳያዛቸው ሌላውን ምግባቸውን ቀነሱ። ለስላሳውን በሚጠጡበት ወቅት ግን ምንም አልቀነሱም፤ ካሎሪው በምግባቸው ላይ ተደረበ፣ ክብደታቸውም ጨመረ።

የዚህ ገጽ መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚቀዱ ናቸው። የሚጠጣ ካሎሪ ስለማያጠግብ፣ ሲቀነስም አያስርብም።

ታዲያ ለስላሳ ባቆም ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?

በወረቀት ላይ ስሌቱ ያጓጓል። በየቀኑ ግማሽ ሊትር ኮላ የሚጠጣ ሰው በቀን 210 ካሎሪ ያህል ያገኛል፤ በዓመት ከ76 ሺህ በላይ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ሲካፈል አሥር ኪሎ ሊጠጋ ነው። ይህንን ግን እንደ ቃል ኪዳን አይያዙት። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያቃጥለውም ያንሳል፤ ለስላሳ የተወ ሰውም አንዳንዴ ሳያውቀው ከሌላ ቦታ ይተካዋል።

እውነተኛውን መጠን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ይሻላል። 641 ልጆች ለ18 ወር በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ተሰጣቸው፤ ለግማሾቹ ባለ ስኳር፣ ለግማሾቹ ስኳር የሌለበት። የትኛው ለማን እንደደረሰ ልጆቹም ተመራማሪዎቹም አያውቁም ነበር። ልጆች ስለሆኑ ሁሉም አደጉ፣ ሁሉም ክብደት ጨመሩ፤ ባለ ስኳሩን የጠጡት ግን ከሌሎቹ በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል በለጡ። የአንዲት ትንሽ መጠጥ ልዩነት ብቻውን ይህን ካመጣ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጠርሙስ የሚጠጣ ጎልማሳ ብዙ የሚቀንሰው ነገር አለው ማለት ነው።

ለስላሳውን በጁስ ብተካውስ? ጁስ እኮ ተፈጥሯዊ ነው።

ብዙ ሰው በቅንነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የብርቱካን ጁስ ምንም ሳይጨመርበት በ100 ሚሊ ሊትር ከ8 እስከ 10 ግራም ስኳር አለው። ይህ ከለስላሳ ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። በእርግጥ ጁስ ለስላሳ የሌለው ቫይታሚን ሲና ፖታሺየም አለው፤ ያንን አልክድም። ክብደት ግን የሚያየው ካሎሪውን ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 60 ካሎሪ ገደማና 3 ግራም ያህል ፋይበር አለው። አንድ ብርጭቆ ጁስ ለመሙላት ሦስት ያህል ብርቱካን ይጨመቃል፤ አሰሩ ይጣላል፣ ስኳሩ ይጠጣል። ሦስት ብርቱካን ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሁለተኛው ላይ ሳይሰለች አይቀርም፤ ብርጭቆውን ግን አንዴ አንስቶ ይጨርሰዋል።

ይህ የግምት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ጥናት ለሰዎች ፖም በሦስት መልክ ሰጥቶ ነበር፤ ሙሉውን፣ የተፈጨውንና ጁሱን። የካርቦሃይድሬቱ መጠን በሦስቱም እኩል ነው። ጁሱ ከሙሉው ፖም በ11 እጥፍ ፈጥኖ አለቀ፤ ያጠገበው ግን ከሁሉም ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከምሳ በፊት ሙሉ ፖም የበሉ ሰዎች ጠቅላላ የምሳ ካሎሪያቸው፣ የፖሙ ራሱ ተቆጥሮ፣ በ15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጁሱ እንዲህ ያለ ውጤት አላመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም የጁስን ስኳር ከማርና ከሽሮፕ ጋር አብሮ «ነጻ ስኳር» ብሎ ይመድበዋል፤ ሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለውን ግን አይቆጥረውም።

ስለዚህ ፍሬውን ይብሉት። ጁስ ከወደዱ በትንሽ ብርጭቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከምግብ ጋር ይጠጡትና ይብቃ። በብሌንደር የሚፈጨው ደግሞ ፋይበሩ ስለማይጣል ከጁስ ይሻላል፤ ሆኖም አራት ፍሬ፣ ማርና ወተት አንድ ላይ ከተፈጨ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ ምሳ ሆኗል፤ እንደ ምሳ ሊቆጠር ይገባል።

ሻይና ቡናስ ያወፍራሉ?

ራሳቸው በፍጹም። ምንም ያልተጨመረበት አንድ ስኒ ቡና ወይም ሻይ ካሎሪው ሁለት ቢሆን ነው። የሚያወፍረው ማንኪያው ነው። በቀን አራት ስኒ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚወስድ ሰው 48 ግራም ስኳር፣ ወደ 190 ካሎሪ ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነጻ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራምና 25 ግራም ማለት ነው። ያ ሰው ገና ምንም ጣፋጭ ሳይቀምስ የላይኛውን ጣሪያ በሻይ ብቻ ሊነካው ሁለት ግራም ቀረው።

ስኳርን በአንድ ቀን ጭርሱን መተው ለአብዛኛው ሰው ከባድ ነው። እኔን የረዳኝ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ነበር። ከሦስት ማንኪያ ተነስቼ ባዶ ሻይ ለመጠጣት ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ፤ አሁን ባለ ሁለት ማንኪያ ሻይ ቢሰጡኝ መጨረስ ያቅተኛል። ምላስ ይለምዳል፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

ስኳርን በማር መተካት ለክብደት ምንም አይፈይድም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ማር ከስኳር ስለሚከብድ እንዲያውም በማንኪያ ሲለካ ይበልጣል።

ካፌይን ሰውነት የሚያቃጥለውን ኃይል ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ሚዛን ላይ የሚታይ ለውጥ ግን አይጠብቁበት። ይልቅ ሰዓቱን ያስቡበት። በአንድ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የእንቅልፍ ጊዜን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ይህ የአራት ትልልቅ ስኒ ቡና ያህል ቢሆንም፣ እንቅልፉ በቀላሉ ለሚረበሽ ሰው አንዱም ሊበቃው ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው።

ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ኮምጣጤ፣ «ቦርጭ የሚያቀልጥ» ሻይ ስብ ያቀልጣሉ?

ስብ የሚያቀልጥ መጠጥ የለም። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፣ ባለ ስኳር ሻይ ቦታ ከገባ ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን ከተካው ነገር የመጣ ነው። የአረንጓዴ ሻይ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲገመገሙም በክብደት ላይ ያሳዩት ውጤት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሻዩን እንደ ሻይ መጠጣት ደህና ነው፤ በእንክብል መልክ የሚሸጠው ጭማቂው ግን መጠኑ ሲበዛ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ኮምጣጤ ሳይበረዝ ሲጠጣ የጥርስን ጠንካራ የላይኛ ሽፋን ይበላል።

በተለይ ላስጠነቅቅበት የምፈልገው «ቦርጭ የሚያቀልጥ» ወይም «ሰውነት የሚያጸዳ» ተብሎ የሚሸጠው ሻይ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ሴና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። ሴና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ካሎሪው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ሚዛን ላይ የሚታየው መቀነስ ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ፖታሺየም ያጎድላል፤ የፖታሺየም መጉደል ደግሞ የልብን ምት ያዛባል። እባክዎ ይህንን ለወጣት ልጆችዎም ይንገሩ።

ውሃ መጠጣት ያከሳል?

ያግዛል፤ ግን በልኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 75 የሆኑ ሰዎችን ለ12 ሳምንት ካሎሪው የተቀነሰ ምግብ አስበልቶ፣ ግማሾቹ ከየምግቡ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ እንዲጠጡ አደረገ። የጠጡት ከሌሎቹ 2 ኪሎ ያህል አብልጠው ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ልዩነቱን 1.3 ኪሎ አገኘው። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚጠጣ ውሃ ጨጓራን ትንሽ ይሞላል፤ ምንም ወጪ የለውም፤ መሞከሩ አይከፋም።

ቀዝቃዛ ውሃ ካሎሪ ያቃጥላል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን መጠኑን ራስዎ ያስሉት። ዜሮ ዲግሪ የደረሰ ግማሽ ሊትር ውሃን እስከ ሰውነት ሙቀት ለማሞቅ 18 ካሎሪ ገደማ ይበቃል፤ ይህ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም።

መጠኑን በተመለከተ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለሴቶች በቀን 2 ሊትር፣ ለወንዶች 2.5 ሊትር ይበቃል ይላል፤ ይህም ምግብ ውስጥ ያለውን ውሃና ሻይ ቡናውን ጨምሮ ነው። ሙቀት፣ ሥራና ጡት ማጥባት ይጨምሩታል። ያለ ጥማት በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጠጣት ግን የደምን ሶዲየም አውርዶ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ዜሮ እና ዳይት የሚባሉት ስኳር አልባ ለስላሳዎችስ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ክብደትን ለመቆጣጠር ብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን መጠቀም አይመከርም ብሏል፤ ምክሩ ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። በሌላ በኩል ቁጥጥር የተደረገባቸው ሙከራዎች፣ የኔዘርላንድሱን ጨምሮ፣ ባለ ስኳሩን በዜሮ መተካት ክብደትን በትንሹ እንደሚረዳ ያሳያሉ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ በቀን አንድ ሊትር ለስላሳ ለሚጠጣ ሰው ዜሮው ጥሩ መሸጋገሪያ ነው፤ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ግን ዜሮ የሚጀምርበት ምክንያት የለም። ጣፋጭ የለመደ ምላስ በዜሮም ጣፋጭ መፈለጉን አይተውም። አሲዱም ያው ስለሆነ ጥርስን አያተርፍም። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባለው የትውልድ ሕመም ያለበት ሰው አስፓርቴም የተባለ ማጣፈጫ ያለባቸውን መጠጦች መራቅ አለበት።

ወተት ልተው?

አይተዉ። ወተት እንደ ለስላሳ አይደለም፤ በ250 ሚሊ ሊትር 8 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ካልሲየምም አለው፤ የተፈጥሮ ስኳሩም ከነጻ ስኳር አይቆጠርም። ሙሉ ቅባት ያለው ብርጭቆ 150 ካሎሪ፣ ቅባቱ የወጣለት 85 ገደማ ነው። ጥም ለመቁረጥ ሊትር ሙሉ ከመጠጣት ግን እንደ ምግብ መቁጠሩ ይሻላል። ከአጃ፣ ከለውዝ ወይም ከአኩሪ አተር የሚሠሩትን ሲገዙ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚለውን ይምረጡ፤ በፕሮቲን ለላም ወተት የሚቀርበው የአኩሪ አተሩ ነው።

አልኮልስ? በሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው የምጠጣው።

አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ከስኳር እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ካሎሪ፣ አንድ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ወይን 125 ካሎሪ ገደማ ናቸው። ጠንካራ መጠጥ በለስላሳ ሲበረዝ ሁለቱም ይደመራሉ። አንድ ምሽት አምስት ቢራ የጠጣ ሰው 700 ካሎሪ ጠጥቷል፤ አንድ ሙሉ ምግብ ማለት ነው፣ ያውም ከእራቱ ሌላ።

ሰውነት አልኮልን የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለው ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ያቃጥለዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የስብ መቃጠል ይዘገያል፤ አብሮ የተበላው ቅባት ወደ ማከማቻው ይሄዳል። በዚህ ላይ አልኮል የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ራስን መግዛትን ያላላል፣ እንቅልፍንም ይሰብራል። ከሰኞ እስከ አርብ ተጠንቅቀው ሚዛኑ የማይነቃነቅባቸው ሰዎች መጀመሪያ ሊያዩ የሚገባው ቅዳሜንና እሁድን ነው። አልኮል የሌለው ቢራ ካሎሪው ብዙ ጊዜ ያነሰ ቢሆንም ስኳር ሊኖረው ስለሚችል መለያውን ይዩ።

ስፖርት ስለምሠራ የስፖርት መጠጥ ያስፈልገኛል?

ከአንድ ሰዓት በታች ለሚሠራ ሰው ውሃ ይበቃል። ግማሽ ሊትር የስፖርት መጠጥ ወደ 30 ግራም ስኳር፣ 120 ካሎሪ አለው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ የተራመደ ሰው ካቃጠለው ጋር ይቀራረባል። የኢነርጂ መጠጥ ደግሞ በ250 ሚሊ ሊትር 27 ግራም ያህል ስኳርና 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው፤ ለስፖርት የተሠራ አይደለም።

መለያው ላይ ምኑን ልመልከት?

በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለው ይዩ፣ ከዚያ በጠርሙሱ መጠን ያባዙ። «በአንድ ጊዜ አወሳሰድ» የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የጠርሙሱን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ መጠጥ «ዝቅተኛ ስኳር» ለመባል በ100 ሚሊ ሊትር ከ2.5 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ጥሩ መለኪያ ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ የሚሉት ሁሉ ስኳር ናቸው።

ለልጆች ምን ላጠጣ?

ውሃና ወተት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ መክሯል። ልጅን «ወፈርክ» እያሉ ከመከልከል ይልቅ ለስላሳው መጀመሪያውኑ ቤት ባይገባ ይሻላል። ለአዋቂዎቹም ይቀላል።

ከየት ልጀምር?

ለሦስት ቀን የሚጠጡትን ሁሉ ይጻፉ፤ መጠኑንና ስኳሩን ጭምር፣ አንዱን ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ አድርጉት። ከዝርዝሩ ውስጥ በካሎሪ ትልቁን አንዱን ብቻ ይምረጡና እሱን ይተኩ። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው አይንኩት። ያ ከተለመደ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።

ኮላ ካቆምኩ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ስኳር ጎደለኝ ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ የጎደለው ካፌይኑ ነው። ራስ ምታቱ ካቆሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምርና ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። በአንዴ ከማቆም ቀስ በቀስ መቀነስ ያቀለዋል።

የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ባለ ስኳር መጠጥን መቀነስ ለእርስዎ የበለጠ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ኢንሱሊን ወይም ደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አመጋገብዎን ሲቀይሩ መድኃኒቱም መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰውም የውሃውን መጠን ከሐኪሙ መስማት አለበት። እና ቤትዎ ውስጥ አንዲት ባለ ስኳር መጠጥ ሁልጊዜ ትቀመጥ። ስኳርዎ በድንገት ወርዶ ሲያልብዎትና ሲያንቀጠቅጥዎት 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጁስ ወይም መደበኛ ለስላሳ፣ ወዲያውኑ ያስፈልግዎታል። በዚያች ሰዓት ዜሮ የሚል ጣሳ አይረዳም፤ የቤተሰብዎ ሰዎችም ይህን ልዩነት ይወቁት።